የሎሚው፣ የቴርሞሜትሩና የሐይቁ ውሃ ባለሙያዎች፦ ከሐዋሳ የሳይንስ መምህራን ምስጋናና ጥቆማ

እኛ በሐዋሳ ከተማ ሳይንስ የምናስተምር መምህራን ነን። ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ እየመጡ ተማሪዎቻችንን በተግባር ለሚያስተምሩልን የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህራን ከልብ እናመሰግናለን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስማቸው ብዙም የማይነሳውን የላቦራቶሪ ቴክኒሻኖች እጃችሁ ይባረክ እንላለን። ሌሎች ትምህርት ቤቶችም እንዲጋብዟቸው ስለምንፈልግ ስራቸው ምን እንደሚመስል በዝርዝር እንናገር።

ይዘው የሚመጡት አብዛኛው ዕቃ ከገበያ የሚገኝ ነው። እነሱ ከሄዱ በኋላ ሙከራው የማይቆመውም ለዚህ ነው። የሎሚ ባትሪውን እንውሰድ። ለአንድ ቡድን 4 ሎሚ፣ 4 የቆርቆሮ ሚስማር፣ ላስቲኩ የተላጠ የመዳብ ሽቦ፣ ማገናኛ ገመድና አንዲት ቀይ ኤልኢዲ (በትንሽ ከረንት የምትበራ ትንሽ መብራት) ይበቃል። የቆርቆሮ ሚስማር የተመረጠው ላዩ በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ነው። ዚንኩ አልቆ የዛገ ሚስማር ከተሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል። ሎሚው ሳይቆረጥ ጠረጴዛ ላይ ጫን እየተደረገ ይንከባለላል፤ ውስጡ ሲፈርስ ጭማቂው ይለቃል። ከዚያ ሚስማሩና መዳቡ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው ይሰካሉ። ሎሚው ውስጥ ጫፋቸው ከተነካካ ግን ያ ሎሚ ምንም አይሰጥም፤ ይህ ስህተት ከውጭ ስለማይታይ ብዙ ቡድን ያደክማል።

አንድ ሎሚ በመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለካ 0.9 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ቀይ ኤልኢዲ 1.8 ቮልት ገደማ ትፈልጋለች። ተማሪው ደምሮ «ሁለት ሎሚ ይበቃል» ይላል። እንግዶቻችን «አይበቃም» አይሉትም፤ ራሱ እንዲያገናኘው ይተዉታል። ሁለቱ ሎሚዎች ብቻቸውን ሲለኩ 1.8 ያሳያሉ፣ ኤልኢዲዋ ስትገባ ግን ንባቡ ይወርድና አትበራም። የሎሚው የውስጥ ሬዚስታንስ (ከረንት እንዳያልፍ የሚገታው ነገር) ትልቅ ስለሆነ ትንሽ ከረንት እንደተሳበበት ቮልቴጁ ይወድቃል። አራት ሎሚ በተከታታይ (የአንዱ ሚስማር ከቀጣዩ መዳብ ጋር) ሲያያዝ ትበራለች፤ ብርሃኗ ደካማ ነውና በእጅ ከለል ማድረግ ያስፈልጋል። አሁንም ካልበራች ኤልኢዲዋ ተገልብጣ ይሆናል፤ ረጅሙ እግር ወደ መዳቡ በኩል ነው መሆን ያለበት።

ከዚያ «ኤሌክትሪኩ ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቃሉ። ክፍሉ በሙሉ «ከሎሚው!» ይላል። መልስ ሳይሰጡ ሚስማሩን አስወጥተው በቦታው ሌላ መዳብ ያሰካሉ፤ ሜትሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሎሚው ያው ሎሚ ነው፣ የጠፋው ዚንኩ ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ዚንኩ በአሲዱ ውስጥ ሲሟሟ መሆኑን ተማሪው በዓይኑ ካየ በኋላ መጽሐፉ ላይ ያለው እኩልታ አያስቸግረውም። በእኛ ግምት ከሙከራዎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሎሚዎቹ ዚንክ ስለገባባቸው ሲያልቅ ይጣላሉ እንጂ አይበሉም።

ሁለተኛው የፈላ ውሃ ነው። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ ሐዋሳ ላይ ቴርሞሜትሩ 94 አካባቢ ይቆማል። ልጆቹ ቴርሞሜትሩ የተበላሸ ይመስላቸዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ተነክሮ ዜሮ ማሳየቱን ያረጋግጣሉ። የ100ው ቁጥር ለባሕር ወለል ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ በግምት 1 ዲግሪ ይቀንሳል፣ ከተማችን ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ወለል እንዳይነካ አደራ፤ ከነካ ከፍ አድርጎ ያነባል።

የሐይቁ ውሃ ምልከታ የባዮሎጂዎቹ ነው። ውሃው የሚቀዳው ገመድ በታሰረ ባልዲ ነው። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ ስለሚያሰጋ ተማሪ እግሩን እንዲነክር አይፈቅዱም፣ በዚህም ትክክል ናቸው። ውሃው በሴቶች ስስ ስቶኪንግ ሲጣራ ጥቃቅን እንስሳቱ ይጠራቀማሉ። ዕቃው ተከድኖ ፀሐይ ላይ ከዋለ ኦክስጅን አጥተው ይሞታሉ፤ ስለዚህ ሳይከደን ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፣ በዚያው ቀንም በማይክሮስኮፕ ይታያል። አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ ተደርጎ መሸፈኛው ስስ መስታወት በአንድ ጎኑ አጋድሎ ቀስ ተብሎ ይወርዳል። በጥድፊያ ከተጣለ የአየር አረፋ ይገባል፤ ጠርዙ ጥቁር የሆነ ድፍን ክብ ስለሚመስል ተማሪው «እንስሳ አገኘሁ!» ብሎ ይጮኻል። አረፋ ከሆነ እግርም ሆነ እንቅስቃሴ የለውም። እንስሳቱ ፈጥነው ከዕይታ ከወጡ ሁለት ሦስት የጥጥ ክር ጠብታው ውስጥ ማስገባት ያዘገያቸዋል። መብራት ሲጠፋም ስራ አይቆምም፤ ባለ መስታወት ማይክሮስኮፕ ይዘው ይመጣሉ። መስታወቱ ወደ ሰማይ እንጂ በቀጥታ ወደ ፀሐይ እንዳይዞር ግን አንድ አዋቂ አጠገቡ መቆም አለበት፤ ዓይን ይጎዳል።

ልትጋብዟቸው ለምትፈልጉ፦ በትምህርት ቤቱ ማህተም ደብዳቤ ጽፋችሁ ለሚመለከተው ትምህርት ክፍል በመዝገብ ቤት በኩል አስገቡ። ደብዳቤው ላይ የክፍል ደረጃውን፣ የተማሪውን ብዛትና የምታስተምሩትን ምዕራፍ ጥቀሱ፤ «ሳይንስ አሳዩልን» ብቻ የሚል ጥያቄ ለዝግጅት አይመችም። የዩኒቨርሲቲው ፈተና ሰሞን አትጠይቁ። በአንድ ጠረጴዛ ከ6 ልጅ በላይ ካለ ሁለቱ ሰርተው የቀሩት ተመልካች ይሆናሉ፤ 60 ተማሪ ካላችሁ 10 ጠረጴዛ አዘጋጁ፣ ለየሁለቱ ጠረጴዛም አንድ መምህር መድቡ። ሎሚውን፣ ሚስማሩንና ባልዲውን እናንተ ግዙ። ቴክኒሻኖቹ ከተማሪው ቀድመው ገብተው ዕቃ ስለሚደረድሩ ክፍሉ ከዋዜማው ተጠርጎ ቁልፉ በእጃችሁ ይሁን።