ዊንዶው ኤክስፒ ወይስ ሰቨን፦ ለአሮጌው ኮምፒውተር የቱን እናስጭን?

ፒያሳም ሆነ ስታዲየም ዙሪያ ያገለገለ ኮምፒውተር ስትገዙ ባለሱቁ እጁ ላይ ያለውን ዊንዶው ጭኖ ሊሸኛችሁ ይችላል። ዝም ብላችሁ አትቀበሉ።

ኤክስፒ የሚያስፈልገው ያለሱ የማይሠራ ዕቃ ላለው ሰው ነው። ድራይቨሩ (ዕቃውን ከዊንዶው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ለኤክስፒ ብቻ የተሠራ ስካነር ሊሆን ይችላል፣ ወይም ቢሮው ለዓመታት የኖረበት የሒሳብ ፕሮግራም። ደህና የሚሠራ ስካነር በዊንዶው ሰበብ ሲጣል ሳይ አንጀቴ ያርራል። በራምም ኤክስፒ ይሻላል፤ 512 ሜጋባይት ላይ ዘና ብሎ ይሄዳል። ሰቨን ግን ቀለል ያለው ዓይነት፣ ባለ 32 ቢቱ ራሱ 1 ጊጋ ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ከ2 በታች አልመክርም።

አማርኛ ላይ ሰቨን ይበልጣል። ኒያላ የሚባለው ፎንት ከቪስታ ጀምሮ አብሮ ስለሚመጣ ፊደሉ ወዲያው ይነበባል፤ ኤክስፒ ላይ የግዕዝ ፎንት ካልጫናችሁ የምታዩት ባዶ ሳጥን ነው። ኢንተርኔትም ላይ ኤክስፒ የክሮም ብራውዘር ቨርዥን 49 ላይ ቆሟል፣ ሰቨን 109 ድረስ ሄዷል። ማይክሮሶፍት ኤክስፒን እ.ኤ.አ. በ2014፣ ሰቨንን በ2020 የደህንነት አፕዴት መስጠት ስላቆመላቸው በሁለቱም የባንክ ነገር እንዳትነኩ፣ አደራ። የዶስ (ከዊንዶው በፊት የነበረው ባለ ጥቁር ስክሪን ሲስተም) ፕሮግራም ያላችሁ ሰቨን ከመረጣችሁ 32 ቢቱን አስጭኑ፤ 64 ቢቱ አይከፍትላችሁም።

ዊንዶው 98ን የድሮ ጌም ለሚወድ ብቻ እተወዋለሁ። ያለ ድራይቨር ፍላሽ እንኳን አያነብም።

ኤክስፒ የመረጠ ሰው ባዮሱን፣ ማለትም ዊንዶው ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተውን የማሽኑን መቼት፣ ይወቅ። ሲዲው ላይ ለኤኤችሲአይ (ማሽኑ ሃርድ ዲስኩን የሚያነብበት አዲሱ ዘዴ) የሚሆን ድራይቨር ስለሌለ መጫን ሲጀምር ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ መጨረሻው 7ቢ የሆነ ቁጥር ይጽፋል። ባዮስ ገብታችሁ የሃርድ ዲስኩን መቼት ወደ ድሮው ዘዴ፣ ወደ አይዲኢ ቀይሩት፤ ዴል ላይ ኤቲኤ ይላል። ችግሩ የማዘርቦርዱ ሳንቲም ባትሪ ካለቀ መብራት በሄደ ቁጥር ይሄ መቼት ይጠፋል፣ ብዙ ማሽን ላይም ወደ ኤኤችሲአይ ይመለሳል፣ ማታ ደህና የነበረው ኤክስፒ ጠዋት አልነሳም ይላል፣ ሰውም ዊንዶው ተበላሸ ብሎ ፎርማት ያስደርጋል። ፋይሉ በከንቱ ይጠፋል!

ዴስክቶፕ ከሆነ ባትሪውን ለመፈተሽ እዚያው ሱቅ ከሶኬት አስነቅሉት፣ ትንሽ ቆይታችሁ አብሩት። ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ ሲአር 2032 ባትሪ አስቀይሩ፣ ርካሽ ነው። ስካነራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ወረቀት ስካን አስደርጉ።