የሂትሮው ሦስተኛ ማኮብኮቢያ ወይስ ፈጣኑ ባቡር?

የብሪታኒያ ፖለቲከኞች ሁለቱንም «ለክልሎች እድገት ነው» ይላሉ። ልዩነቱ የሚጀምረው ከገንዘቡ ነው። የለንደኑ ሂትሮው አየር ማረፊያ ማኮብኮቢያ በግል ባለሀብቶች ገንዘብ ይገነባል የተባለ ነው፤ ከለንደን ወደ ሰሜን እንግሊዝ እንዲሄድ የታቀደው ኤች ኤስ ቱ የተባለው ፈጣን ባቡር ግን ከግብር ከፋዩ ኪስ ይወጣል። ስለዚህ በጀት ሲጠብ መቀሱ ባቡሩ ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ሊድስ የሚሄደው መስመር ተቆረጠ። በ2023 ደግሞ በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሪሺ ሱናክ የማንቸስተሩን ሰረዙ፤ ያውም እዚያው ማንቸስተር፣ ድሮ ባቡር ጣቢያ በነበረ አዳራሽ ቆመው!

ሂትሮውስ? ፓርላማው በ2018 በ415 ለ119 ድምፅ ደገፈው፤ ፍርድ ቤት ሲያመላልሰው ቆየ፤ በ2025 መንግሥት እንደገና አነሳው። ጫጫታው ለንደን ላይ ይወርዳል፤ ሥራውና ገንዘቡም በአብዛኛው እዚያው አካባቢ ይቀራል። ለሰሜኑ ከሆነ እኔ ባቡሩን እመርጣለሁ። ግን መሃል እንግሊዝ ባለችው በርሚንግሃም አካባቢ ከቆመ ሰሜኑን መቼ ነካው?