ይህን የብየዳ ባለሙያ አመስግኑልኝ

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? "ጎበዝ ባለሙያ ጠቁሙኝ" እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳስቸገርኳችሁ ታውቃላችሁ። ዛሬ ተራው የእኔ ነው። አዲስ አበባ ጎሮ አካባቢ ብየዳ ቤት ያለው አንድ ወንድማችን ቤታችን መጥቶ የሠራልንን የብስክሌት ማስቀመጫ ሥራ ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ይሆንብኛል።

ቤታችን ውስጥ ስድስት ብስክሌት አለ። የባለቤቴ ማውንቴን፣ የእኔ፣ የሦስቱ ልጆቻችን፣ እና የአባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የድሮ ፊኒክስ። በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው ሲጀመር ትልቁ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነበር። መኪና በተዘጋበት እሁድ አስፋልት መሀል መንዳትን ከቀመሰ በኋላ ብስክሌት ከእጁ አልወጣም፤ ታናናሾቹም ተከተሉት። የኮሪደሩ መንገድ የብስክሌት መስመር ይዞ ሲመጣ እኔና አባታቸውም ገባንበት።

ችግሩ ማስቀመጫው ነው። የመኪና ማቆሚያችን ክፍል 3 ሜትር በ5 ሜትር ከ60 ናት፤ መኪናችን ቪትዟም እዚያው ነው የምታድረው። ብስክሌቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደግፈው ይቆሙ ነበር። አንዱን ለማውጣት ሲሳብ የሌላው ፔዳል ቸርኬው ውስጥ ገብቶ ይይዘዋል፣ ከዚያ ሁሉም ተያይዞ ይወድቃል። ጠዋት መኪና ለማውጣት ስድስቱንም ወደ ግቢ እናወጣለን፣ ማታ እንመልሳለን። ክረምት ላይ ሰንሰለታቸው ሁሉ ዝጎ ነበር።

አምና ሌላ ሠራተኛ አምጥተን ነበር። ግድግዳውን በትራፓኖ በስቶ፣ ፊሸር (ቡሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ከትቶ፣ መንጠቆ አስሮ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርሶ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት የባለቤቴ ብስክሌት ከነመንጠቆው፣ ከነፊሸሩ፣ ከብሎኬቱም ቁራጭ ይዞ የመኪናው ኮፈን ላይ ወረደ። ልጆቹ ቁርስ እየበሉ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሿ እዚያች ቦታ ላይ ቁጭ ብላ መጫወት ስለምትወድ እስካሁን ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል።

ይሄኛው ባለሙያ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው ግድግዳውን በጣቱ አጥንት ማንኳኳት ነው። ከዳር እስከ ዳር እያንኳኳ ሄደ። "ይስሙት እትዬ፣ ይሄ ባዶ ነው" አለኝ፤ ጥጉ ጋ ደርሶ ሲያንኳኳ ድምፁ ደፈነ፣ "ይሄ ኮለን ነው" አለ፤ ድፍኑን የኮንክሪት ምሰሶ ማለቱ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት መሆኑን፣ ፊሸሩ የሚይዘው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላትን ቅርፊት ብቻ መሆኑን፣ ብስክሌት ደግሞ በወጣ በወረደ ቁጥር መንጠቆውን እየነቀነቀ እንደሚያላላው ያስረዳኝ እሱ ነው። ያቀረበው መፍትሔ ከቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ከሆነ የብረት ቱቦ) የተሠራ፣ በራሱ እግር መሬት ላይ የሚቆም ፍሬም ነበር። የሚታሰረው ደግሞ ኮለኑና ቢሙ (አግዳሚው ኮንክሪት) ላይ ብቻ ነው። "ክብደቱን መሬቱ ይሸከመው፣ ኮለኑና ቢሙ ፍሬሙ እንዳይወድቅ ብቻ ይያዙት" አለኝ።

ከዚያ መለካት ጀመረ። የብስክሌቶቹን ቁመትና የመሪያቸውን ስፋት አንድ በአንድ ጻፈ። ትልልቆቹ ፊት ጎማቸው ወደ ላይ ሆኖ ቢሰቀሉ ከግድግዳው 1 ሜትር ከ10 ገደማ ብቻ እንደሚወጡ፣ ከመኪናው ኋላ መተላለፊያ እንደሚተርፈን በጠመኔ መሬቱ ላይ አሰመረልን። መሪው ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ስለሚሰፋ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ይጋጫሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ አንዱን ከፍ፣ ቀጣዩን በ20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ አንዱ መሪ በሌላው ሥር እንዲያልፍ አደረገው። በመካከላቸው 40 ሴንቲ ሜትር በቃ።

ለካክቶ ጨረሰ ብዬ ቡና ላቀርብ ስል "ትንሿ ልጅ አለች?" ብሎ ጠየቀኝ። ጠራኋት። ግድግዳው አጠገብ አቆማት፣ እጅሽን ወደ ፊት ዘርጊ አላት፣ ክርኗ የደረሰበት ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። የታናናሾቹ ሁለት ብስክሌቶች አይሰቀሉም፤ ጎማቸውን ገፍተው የሚያስገቡበት የመሬት ማቆሚያ ሠራላቸው፣ የራስ ቁራቸውን የሚያንጠለጥሉበትንም በዚያች ምልክት ልክ አደረገው። አሁን የሰባት ዓመቷ ልጄ ብስክሌቷን ራሷ ታወጣለች፣ ራሷ ትመልሳለች። ማንንም አትጠራም።

የአባቴን ፊኒክስ ሲያይ ቆመ። አባቴ ባሕር ዳር መምህር ሳለ ሃያ ዓመት የተመላለሰበት ነው። ከባድ ነው፣ ዲናሞውና የኋላ መጫኛው እንዳለ ናቸው። "ይሄን አንሰቅለውም" አለ። በመኪናው ጎን፣ በግድግዳው ልክ፣ ጎማዎቹ የሚያርፉበት ዝቅ ያለ ቦይ ከላሜራ አጠፈለት፤ መደገፊያውንም በአሮጌ ካላማዳሪ ጠቀለለው ቀለሙን እንዳይፍቀው። ጎማዎቹ አየር አልባ ሆነው ክብደት ተጭኗቸው መቆየታቸውን አይቶም "በወር አንዴ ይንፉት፣ አለዚያ ጎኑ ይሰነጠቃል" አለኝ። ይህን ማንም አልጠየቀውም።

ብየዳውን የሠራው ሱቁ ነው። ፍንጣሪው የመኪና መስታወትና ቀለም ላይ ከተቀመጠ አይለቅም ብሎ ቤታችን ውስጥ አልበየደም። ፍሬሙን አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት ጊዜ ቀብቶ አመጣው፤ ኮለኑንና ቢሙን የበሳውም ቪትዟን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ነው። ከልቤ ያልጠፋው ግን የመጨረሻው ነገር ነው። አብሮት የሚሠራው ልጅ የጥጥ ጨርቅ ይዞ ብየዳው ያለበትን ሁሉ ያብሳል፤ የጨርቁ ክር በተያዘበት ቦታ ሹል ነገር አለ ማለት ነውና እሱ በሞረድ ይገባል። እንደገና ይታበሳል። ቱቦላሬው የተቆረጠበትን ጫፍም ሁሉ ደፍኖታል። "የልጅ እጅ ነው የሚነካው" ነበር መልሱ።

ሁሉንም እንድታውቁት፣ ከተባባልነው ቀን ሁለት ቀን ዘግይቷል። መብራት ጠፍቶበት ነበር፤ ግን ቀድሞ ደውሎ ነገረኝ። ቀለሙም ጥቁር እፈልግ ነበር፣ ግራጫ ነው የተገኘው። ቀብድ የተቀበለው የብረቱን ዋጋ ብቻ ነው፤ የተረፈውን ቱቦላሬና ደረሰኙን አብሮ አስረከበኝ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ የብረት ዋጋ ዛሬና ነገ አንድ ስላልሆነ አሳሳታችኋለሁ። በወሩ ሳልጠራው መጥቶ ቡሎኖቹን ሁሉ ፈትሾ አጠበቀ። የመንገድ እንኳን አልጠየቀኝም።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለጠየቀኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ለልኬት የሚመጣ ቀን ብስክሌቶቹ ሁሉ ቤት ይሁኑ፣ ትንሹ ልጃችሁም አይጥፋ።