ፒክአፕ ላይ የሚጫን ካምፐር ወይስ ሞተርሆም? ከስምንት ወር ጉተታ በኋላ

መጀመሪያ የሚጎተተው ምን እንደሆነ ይለይ፤ ጀልባ ወይስ መኪና? እዚህ የተገመገመው፣ ኋላው ጥንድ ጎማ በሆነ “ባለ አንድ ቶን” በሚባለው የፒክአፕ ዓይነት ላይ ተጭኖ ስምንት ወር ጀልባ ያስጎተተ ካምፐር (ተነቃይ ማደሪያ ቤት) ነው። ማነጻጸሪያው በፎርድ ኢ-450 ሻንሲ ላይ የሚሠራ ሞተርሆም፣ ማለትም ማደሪያውና መኪናው አንድ የሆነ ተሽከርካሪ ነው።

ፒክአፑ መጎተት አያቅተውም፤ ቀድሞ የሚያልቀው የመሸከም አቅሙ ነው። የሾፌሩ በር ሲከፈት የሚታየው ተለጣፊ ሰውና ዕቃ አንድ ላይ ከስንት ፓውንድ ማለፍ እንደሌለበት ይናገራል። 5,000 ነው እንበል። ካምፐሩ ባዶውን 3,000፣ 40 ጋሎን ውሃ 330 ገደማ፣ ሁለት ሰው 350፣ ጋዝ፣ ባትሪና ጓዝ 500። 4,180 ሞላ። የ5,000 ፓውንድ ተጎታች ደግሞ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶውን ሂቹ (ተጎታች የሚያያዝበት የኋላ ብረት) ላይ ያሳርፋል፤ 600 ብንይዝ የተረፈው 220 ብቻ ነው። ሻጭ ይህን ሂሳብ አያነሳም፤ እሱ የሚያወራው ስለ ፈረስ ጉልበት ነው።

ቀጣዩ ጣጣ ማራዘሚያው ነው። ካምፐሩ ከፓራውልቱ አልፎ ሲወጣ የሂቹ ብረት ሁለት ሦስት ጫማ መርዘም አለበት። በረዘመ ቁጥር የሚችለው ክብደት ስለሚቀንስ፣ ለዚያ ርዝመት የተሰጠውን ቁጥር እዩ። የደህንነት ሰንሰለቱና የተጎታቹን መብራትና ፍሬን የሚያገናኘው ባለ 7 ፒኑ ገመድም አብረው ካልረዘሙ መታጠፊያ ላይ ገመዱ ተስቦ ይነቀላል።

በስምንቱ ወር በጣም ያስቸገረው ይኸው ማራዘሚያ ነው። ውስጡ ክፍተት ስላለው እያንኳኳ የማያያዣ ፒኑን ቀዳዳ እንቁላል አስመሰለው። የሚያጣብቅ ብረት ከመነሻው ቢታሰርበት እዚህ አይደርስም ነበር። ሶኬቱ አረንጓዴ ዝገት ሲይዝ የተጎታቹ ፍሬን መቆጣጠሪያ ተጎታቹን አያውቀውም፤ ፒኖቹን ፍቆ ለኤሌክትሪክ የሚሆን ግራሶ መቀባት ይበቃል። ካምፐሩን የሚይዙት መወጠሪያዎች ደግሞ ካሶኒው ቆርቆሮ ላይ ሳይሆን ሻንሲው ላይ ይታሰሩ። በመጀመሪያው 50 ማይል ስለሚላሉ ወርዶ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ከሥሩ የላስቲክ ምንጣፍ ከሌለ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይንሸራተታል።

ወደ ሞተርሆሙ እንምጣ። ኢ-450 ብቻውን እስከ 14,500፣ ከተጎታቹ ጋር እስከ 22,000 ፓውንድ ይፈቀድለታል። ሞተርሆሙ ሙሉ ከሆነ ለተጎታች የሚተርፈው 7,500 ነው፤ ሂቹ ላይ 5,000 ከተጻፈ ግን የሚሠራው 5,000 ነው። ከዚህ የሚብሰው የጅራቱ ርዝመት ነው። በአክስሎቹ መካከል 18 ጫማ፣ ከኋላ አክስል እስከ ሂቹ 10 ጫማ ከሆነ፣ ሂቹ ላይ ያረፈ 500 ፓውንድ ከፊት አክስል 280 ገደማ ያነሳና ኋላው ላይ 780 ይጭናል። መሪው የሚቀለው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ጀልባ ሲጎተት ነው። ተጎታቹ በአራት ጎማው የሚሄድ መኪና ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሂቹ ላይ የሚያርፍ ክብደት የለም ማለት ይቻላል፤ ሞተርሆሙ ይሻላል። የመኪናው መመሪያ እንዲህ መጎተትን መፍቀዱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ የራሱ ፍሬን ማስያዣም ይግባለት። እርግጥ ካምፐሩን በአራት ክሪክ አቁሞ ፒክአፑን ይዞ መሄድ ይቻላል። ግን ተጎታቹን ፈትቶ፣ መወጠሪያ አላልቶ፣ የመብራቱን ገመድ ነቅሎ፤ ለአንድ ሌሊት ማን ይለፋል?

ሁለቱንም ከመንገድ በፊት ከሙሉ ጓዝና ከተጎታች ጋር በከባድ መኪና ማደያ ሚዛን ላይ አውጡ። ኋላ አክስሉ ካለፈ ውሃውን አፍስሱና ስትደርሱ ሙሉ።