ጥፋቱ የእጄ አልነበረም፦ የኤሌክትሪክ ምጣዴ ከስምንት ወር በኋላ

ምጣዱን የገዛሁት ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል። ከእነዚህ ስምንት ወራት ስድስቱን ራሴን ስወቅስ ነው ያሳለፍኩት። ይህን የምጽፈው አዲስ ምጣድ ገዝታ፣ ዳር ዳሩ ጥሬ የሆነ እንጀራ እያወጣች፣ «እጄን ምን ነካው?» ለምትል ሴት ነው። እኔም እንደዚያው እል ነበር።

ቤታችን ሰባት ሰው አለ። እኔና ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆች፣ አማቴ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወንድሜ። እኔም ባለቤቴም ሥራ ውለን ነው የምንገባው። የልጆቹ ምሳ ዕቃ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ መታሰር አለበት። ውስጡ የሚገባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፍርፍር ነው። ስለዚህ በሳምንት ሁለቴ፣ ማክሰኞ ማታና ቅዳሜ ጠዋት፣ 30 30 እንጀራ እጋግራለሁ። እንጀራ ከተበላሸ በእኛ ቤት ሳምንቱ በሙሉ ይበላሻል።

የድሮው ምጣዴ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎኝ ሸክላው ተሰነጠቀ። አዲሱን መርካቶ ሄጄ ገዛሁ። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 58 ሴንቲ ሜትር፣ ጉልበቱ 3,500 ዋት። ሻጩ አክንባሎውን እያነሳ እየከደነ አሳየኝ። «እህቴ፣ ይሄ ምጣድ ልጅሽን ትድሪበታለሽ» አለኝ። አመንኩት።

ቤት አምጥቼ በወጉ አሟሸሁት። ቀስ ብዬ አሞቅሁት፣ ጎመን ዘር ፈጭቼ አሰስኩት፣ አቀዘቀዝኩት፣ እንደገና አሞቅሁት። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ተጣበቁ። ይህ ያለ ነው፣ ማንም አይደነግጥበትም። በሦስተኛው ቀን መጣበቁ ተወ። ዳሩ ግን አልበሰለም።

እንዴት እንደሚሆን በደንብ ልንገራችሁ። ሊጡን ከዳር ጀምሬ አዞራለሁ። መሃሉ ወዲያው ዓይን ያወጣል፣ የሚያምር ዓይን። ከጠርዙ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ያለው ግን ዝም ይላል። ነጭ፣ እርጥብ፣ ዓይን የሌለው ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ለእሱ ብዬ አክንባሎውን ከድኜ ብቆይ መሃሉ ይደርቅና ይሰነጠቃል። መሃሉን ላድን ብዬ ቶሎ ላውጣው ብል ዳሩ ምጣዱ ላይ ይቀራል። ሰፌዱን ሳስገባ ጥሬው ጠርዝ እንደ ጨርቅ ይቀደዳል። የቱን እንደማድን እስኪጠፋኝ ድረስ ስድስት ወር እንዲህ ጋገርኩ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «አላሟሸሽውም» አለኝ። እሺ ብዬ እንደገና አሟሸሁ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ደወልኩ። «ኃይል አንሶሽ ነው» አለኝ። ሌላ ጊዜ ስደውል ደግሞ «እህቴ፣ ሊጥሽን ቀጠን አድርጊው፣ ምጣዱ ምንም የለበትም» አለና ዘጋው።

በልቤ ከዚህ ሰው ጋር ስንት ጊዜ እንደተከራከርኩ አልቆጥረውም። ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ፣ ሽንኩርት ስከትፍ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ።

«ኃይል አንሶሽ ነው» ላለው መልሱን የሰጠኝ ወንድሜ ነው። ማታ ማታ በሰፈራችን ኃይል ይወርዳል፣ እውነት ነው። በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ቮልቱ ወደ 180 ሲወርድ የሚያገኘው 2,300 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ከጉልበቱ ሲሶውን አጣ ማለት ነው። ግን ኃይል ሲወርድ ምጣዱ በሙሉ ነው የሚደክመው። መሃሉን አሳርሮ ዳሩን ጥሬ አያደርግም። ቅዳሜ ጠዋት ኃይል ሙሉ በሆነበት ሰዓት ስጋግርም ዳሩ ያው ነበር።

«ሊጥሽ ነው» ላለውም መልስ አለኝ። አንድ ቅዳሜ የተቦካውን ሊጥ ግማሹን በባልዲ ይዤ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። ያው ጤፍ፣ ያው እርሾ፣ ያው ጠዋት የጣልኩት አብሲት። በእሷ ምጣድ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ዓይን በዓይን ሆነ። ጎረቤቴ «ምን ሆነሻል፣ እጅሽ ድሮም የተባረከ ነው» አለችኝ። ቤቴ ተመልሼ ቀሪውን ስጋግር ዳሩ ጥሬ ወጣ።

ያኔ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። አልገባኝም። ከልጅነታችን ጀምሮ እንጀራ ሲበላሽ የምትጠየቀው ሴቷ ናት። ምጣዱን የሚጠይቅ የለም። እናቴ «ሙያ» ስትል በመጀመሪያ የምታነሳው የእንጀራ ዓይን ነበር። እንግዳ መጥቶ ሞሰቡ ሲከፈት ያ ነጭ ቀለበት ሲታይ የተሰማኝን ሃፍረት አሁንም አስታውሰዋለሁ። ለገና የባለቤቴ ዘመዶች መጥተው አንዷ ዳሩን ቆርሳ ሳህኗ ጥግ ላይ ስታስቀምጥ አየኋት። ምንም አላለችም። እኔ ግን ማታ አልቅሻለሁ።

ልጆቹም ዳሩን አይበሉም ነበር። ከየሳህኑ የተረፈውን ጠርዝ አማቴ ይሰበስቡና በፀሐይ አድርቀው ድርቆሽ ያደርጉታል። ጤፍ በዚህ ዋጋው እንዴት ይጣላል? በየሳምንቱ አንድ ፌስታል ሙሉ ድርቆሽ ይወጣው ነበር።

አማቴ ያደጉት መንዝ ነው፣ በእንጨት ምጣድ። በእኔ ጋገራ ገብተው አያውቁም፣ ነገር ማብዛትም አይወዱም። በሁዳዴ መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ማታ፣ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ምጣዱ ግሏል፣ ሊጥ ገና አላዞርኩም። የእጃቸውን ጀርባ ወደ መሃሉ አስጠጉና ቶሎ መለሱ። ከዚያ ወደ ዳሩ አስጠጉት። እዚያ አቆዩት። አቆዩት። እጃቸውን ሳያነሱ አዩኝ።

«ልጄ፣ በእንጨት ቢሆን እሳቱን ወደ ዳር እገፋው ነበር። ይሄን በምን ትገፊዋለሽ?» አሉኝ።

ወዲያው አንድ እፍኝ ዱቄት አመጡና ምጣዱ ላይ በሙሉ ስስ አድርገው ነሰነሱት። ሁለታችንም ቆመን አየን። መሃሉ ላይ ያለው ዱቄት መጀመሪያ ቡና መሰለ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ጭስ ማውጣት ጀመረ። ዳሩ ላይ ያለው እንደተነሰነሰ ነጭ ነው። ድንበሩ በእርሳስ የተሰመረ ይመስል ነበር። ስድስት ወር እንጀራዬ ላይ ያየሁት ያው ቀለበት።

በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ምጣድ የሚጠግኑ አንድ አባት ጋ ወሰድነው። የታችኛውን ላሜራ ፈቱ። ጀሶውን በመፍቻ ጫፍ ቀስ እያሉ ፈነቀሉት። ሬዚስታንስ የሚሉት ሽቦ ሸክላው ላይ በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ተኝቷል። ከመሃል ተነስቶ እየዞረ ወደ ዳር ይሄዳል። መሃል ላይ በዙርና በዙር መካከል ሁለት ጣት አይገባም። ወደ ውጭ ሲወጣ ሦስት ጣት ይገባል፣ ከዚያ አራት። የመጨረሻው ዙር ደግሞ ጠርዙ ጋ ሊደርስ 6 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ያልቃል።

«6 ሴንቲ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ወንድሜ እዚያው ቆሞ በስልኩ አሰላው። ከ58 ሴንቲ ሜትሩ በሁለቱም በኩል 6 6 ሲቀነስ ሽቦ ያለበት ክብ ስፋቱ 46 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቀሪው ቀለበት ከምጣዱ ገጽ በመቶ 37 ያህሉ ነው። ከሲሶ በላይ! ከእያንዳንዱ እንጀራዬ ከሲሶው በላይ ከሥሩ እሳት አልነበረውም። ሸክላ ደግሞ ሙቀት ይይዛል እንጂ ቶሎ ወደ ጎን አያሳልፍም። በዚያ ላይ ዳሩ ለአየር የተጋለጠ ነው፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጠጋኙ እንዳሉት ሽቦው መጠጋጋት ያለበት ዳር ላይ ነው። የእኔ የተገላቢጦሽ ነበር።

ይህን ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ እረፍት ነው። ንዴቱ የመጣው ቆይቶ ነው። ሻጩ ምጣዱን ከፍቶ ላያየው ይችላል፣ ይሁን። ግን ሦስት ጊዜ ስደውልለት ሦስቱንም ጊዜ ጥፋቱን ወደ እኔ ነው የመለሰው። አንድ ጊዜ እንኳ «አምጪውና እንየው» አላለኝም። አንተ ሻጭ፣ ምጣድ ነው የምትሸጠው። እኔ ሊጤን ስመረምር፣ ጤፍ ስቀይር፣ ሁለቴ ሳሟሽ፣ አንተ ስለ ሽቦው አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት?

የፈጀብኝንም ልናገር። ደህና ምጣድ ላይ አንድ እንጀራ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው የሚወስድብኝ። በዚህኛው ዳሩን ስጠብቅ አምስት ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ለ30 እንጀራ አንድ ሰዓት ጭማሪ ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ማክሰኞ ከእንቅልፌ፣ ቅዳሜ ከልጆቼ ተወስዷል። መብራቱም አለ። በአንድ ሰዓት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር ስምንት ጊዜ፣ 28 ኪሎዋት ሰዓት በከንቱ። ካርድ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅብን ባለቤቴ ፍሪጁን ይጠረጥር ነበር።

ጠጋኙ ሌላ ሸክላ አስመረጡኝ፣ ቡርቡሩ እስከ ጠርዙ ድረስ የሄደ። የድሮው ሽቦ መሃሉ ላይ ሳስቶ ስለነበር አዲስ አስገቡ። ለሁሉም የከፈልኩት የምጣዱን ዋጋ ሲሶ ያህል ነው። አሟሸሁት፣ ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ፋሲካ ሳምንት ሲቀረው የመጀመሪያውን ሊጥ አዞርኩ። ዓይኑ ከዳር ጀመረ። ከዳር! አክንባሎውን ከድኜ እንፋሎቱ እስኪወጣ ስጠብቅ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰፌዱን ሳስገባ ጠርዙ በራሱ ተነሳ።

አሁን ምጣዱን እወደዋለሁ። ሌላው ነገሩ ደህና ነው፤ እግሩ አይነቃነቅም፣ አክንባሎው ቀላል ነው፣ ገመዱ አልሞቀብኝም። ገመዱ ያልሞቀው ግን ለብቻው መስመር ስላስገባሁለት ነው። 3,500 ዋት ወደ 16 አምፔር ስለሚስብ በማከፋፈያ ገመድ ላይ እንዳትሰኩት።

ያን ምጣድ እንደተሠራ መልሼ እገዛዋለሁ ወይ? አልገዛም። እኔ ዛሬ የምጋግርበት ምጣድ የገዛሁት አይደለም። የገዛሁት ላሜራው፣ እግሩና አክንባሎው ነው፣ ልቡን ሌላ ሰው ነው የሠራልኝ። ለሻጩ ምስጋና የለኝም።

ልትገዙ ከሆነ አንድ ነገር አድርጉ። በፌስታል አንድ እፍኝ ዱቄት ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ ምጣዱን ሰክተው እስኪግል ያቆዩላችሁ። ጥሩ ሸክላ ለመጋል ሩብ ሰዓት ይወስዳል፣ አትቸኩሉ። ዱቄቱን ስስ አድርጋችሁ ንስንሱት። ዳርና መሃሉ አብሮ ከጠቆረ ክፈሉ። መሃሉ ጠቁሮ ዳሩ ነጭ ከቀረ «ስታሟሺው ይስተካከላል» ቢሏችሁ አትስሙ። ማሟሸት ሸክላውን ያለሰልሳል፣ እንጀራው እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ሽቦ ከሌለበት ቦታ እሳት አያመጣም። አስቸገርሽ ቢሏችሁም አትፈሩ። እኔ ያን ቀን ሩብ ሰዓት ብታገስ ኖሮ ስድስት ወር አልታገስም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ 30 እንጀራ በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረስኩ። ትንሿ ልጄ እሑድ ጠዋት ለቁርስ የድርቆሽ ፍርፍር አማራት። አማቴ ፌስታሉን ከጓዳ አውርደው አዩት። ባዶ ነው። ሞሰቡን ከፈቱና ከላይ ያለውን አንዱን ሙሉ እንጀራ አንስተው፣ በጣታቸው ጠርዙን ዙሪያውን ዳሰሱት። «ይሄንማ አላደርቀውም» ብለው እንደነበረ መለሱት።