የሰገራ ፒሲአር፦ ሦስቴ «የለም» የተባለው ትል ተገኘ

እናቴ ከጎጃም እኔ ጋ ሆላንድ ስትመጣ ሆዷን ከቆረጣት፣ ቆዳዋንም ካሳከካት ዓመታት አልፈዋል። አገር ቤት ሦስት ጊዜ ሰገራ ሰጥታለች። ሦስቴም ወረቀቱ ላይ «ኖ ኦፒ» (የትል እንቁላልም ሆነ ጥገኛ ተሕዋስ አልታየም) ብለው ጻፉላት። እሷም ትል የለብኝም ብላ ተቀመጠች።

እዚህ ለመገጣጠሚያ ሕመሟ ፕሬድኒሶሎን ሊጀመርላት ሲል ሐኪሟ የት እንዳደገች ጠየቀቻትና መድኃኒቱን አቆየችው፤ መጀመሪያ የሰገራ ፒሲአር፣ ማለትም የትል ዲኤንኤ የሚፈልግ ምርመራ፣ ይሠራ አለች። ውጤቱ ስትሮንጂሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል ሆነ።

ደነገጥኩ። ይህ ትል እዚያው ሰውነት ውስጥ ስለሚራባ ሳይታከሙት አሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ሲወሰድበት ደግሞ በመላ አካል ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል።

አገር ቤት ያልታየው በባለሙያው ስንፍና አይመስለኝም። ስትሮንጂሎይድስ እንደ ወስፋት እንቁላሉን በሰገራ አያፈስም። የሚወጣው እጭ ነው፣ እሱም ጥቂት፣ ዛሬ ወጥቶ ነገ የሚጠፋ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር የሚገባው ሰገራ ደግሞ ቁንጣሪ ነው። ፒሲአር የሚፈልገው የትሉን ዲኤንኤ ነው። ሰገራው ከደቃቅ ዶቃዎች ጋር በኃይል ይናጣል፣ እጩም ሆነ የሌሎች ትሎች እንቁላል እንዲሰባበር። ከዚያ ዲኤንኤው ተጣርቶ ማሽን ውስጥ እየሞቀ እየቀዘቀዘ 40 ዙር ያህል ይባዛል፣ በየዙሩ እጥፍ እየሆነ። ጥሬ ሥጋ ለምንወድም ይጠቅመናል፤ የበሬውና የአሳማው ኮሶ እንቁላል በማይክሮስኮፕ አይለይም፣ ፒሲአር ግን ይለየዋል።

ያልወደድኩት አለ። ውጤቱ ከሳምንት በላይ ፈጀ፣ ማይክሮስኮፕ ቢሆን በዚያው ቀን ያልቅ ነበር። ሌላው፣ ይህ ምርመራ የታዘዘለትን ትል ብቻ ነው የሚፈልገው። እናቴ ጣና ዳር ስላደገች ቢልሃርዚያም ይታይልኝ ብዬ ለምኜ ነው የተጨመረው፣ ካልጠየቃችሁ ማንም ላያስታውሳችሁ ይችላል። ደግሞ እጩ በዚያ ቀን ሰገራ ውስጥ ከሌለ ፒሲአርም ያመልጠዋል፤ ስለዚህ የደም ምርመራም አብሮ ቢሠራ ጥሩ ነው፣ ለእሷም ተሠርቶላታል።

የትሉን መድኃኒት፣ አይቨርሜክቲንን፣ በኪሎዋ ልክ ወሰደች። ማሳከኩ በጥቂት ሳምንት ተዋት። ፕሬድኒሶሎኑን የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።