አዳማ የሚሸጠው የነገሥታት ሰንጠረዥ፦ ካርታው ይበል ያሰኛል፣ ዓመቶቹ ግን እርማት ይፈልጋሉ

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች በአንዱ፣ 1 ሜትር በ70 ሳንቲ ሜትር የሆነ የግድግዳ ሰንጠረዥ ይሸጣል። ከይኩኖ አምላክ እስከ ገላውዴዎስ የነገሡት በተርታ ተሰድረውበታል፤ ከግርጌው የዘመቻዎቹ ካርታ አለ። ወረቀቱ 250 ብር፣ ላሚኔት የተደረገው 400 ብር ነው።

ካርታው ብቻውን ዋጋውን ያወጣል። ብዙ ጊዜ በክፍል ግድግዳ ላይ የምናየው ካርታ ደቡብ ምሥራቁን ባዶ ይተወዋል። ይሄኛው ግን ይፋትን፣ ፈጠጋርን፣ ደዋሮን፣ ባሌንና ሐዲያን ለየብቻቸው አስቀምጧል። ለአዳማ አንባቢ ትልቁ ነገር ፈጠጋር ነው። ዘርዓ ያዕቆብ የተወለደው እዚያ ነው፤ በመጋቢት 1521 ዓ.ም. የልብነ ድንግል ጦር በኢማም አሕመድ (ግራኝ) የተሸነፈበት ሽምብራ ኩሬም ሞጆ አጠገብ ምልክት ተደርጎበታል። እዚሁ ደጃችን ላይ ማለት ነው። የግዛቶቹ ወሰን በደማቅ መስመር ሳይሆን እየሳሳ በሚሄድ ቀለም መታየቱም ልክ ነው። በዚያ ዘመን ግዛት ይሰፋና ይጠብ የነበረው ጨዋ የሚባለው ሠራዊት በሰፈረበት ቦታና ገባሩ በሚገብርለት ሰው እንጂ በተቸነከረ ድንበር አልነበረም። ማዕረጎቹም ተለይተዋል፦ የሐዲያው ገዥ ገራድ፣ ይፋትን ይገዛ የነበረው የወላስማው ቤት ሱልጣን፣ አሕመድ ደግሞ ኢማም። ሁሉንም «ንጉሥ» ብሎ ማለፍ በተለመደበት አገር ይህ ጥንቃቄ ምስጋና ይገባዋል።

ችግሩ ያለው ዓመቶቹ ላይ ነው፤ ትንሽ ችግርም አይደለም። አዘጋጁ ከፈረንጆቹ ዓመት ሁሉ 8 እየቀነሰ «ዓ.ም.» ብሎ ጽፏል። ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ነገሠ፤ 1262 መባሉ ልክ ነው። አዲሱ ዓመታችን ከገባ በኋላ እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ለሆነ ነገር ግን የሚቀነሰው 7 ነው። ዘርዓ ያዕቆብ የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ጎሚት ላይ ድል ያደረገው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1445 ነው፤ ሰንጠረዡ 1437 ይላል፣ ትክክሉ ታኅሣሥ 29 ቀን 1438 ነው። ልብነ ድንግል ደብረ ዳሞ ላይ ያረፈው ሴፕቴምበር 2 ቀን 1540 ነው፤ ሰንጠረዡ 1532 ይላል፣ ትክክሉ መስከረም 5 ቀን 1533 ነው። ከሁሉም የሚያስገርመው ኢማም አሕመድ ንጉሡን ሊረዱ የመጡትን ፖርቱጋሎች ድል ያደረገበት የወፍላው ውጊያ ነው። ውጊያው ኦገስት 28 ቀን 1542 ሆነ፤ የፖርቱጋሎቹ አዛዥ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ በማግስቱ ተገደለ። በእኛ አቆጣጠር ውጊያው ጳጉሜን 5 ቀን 1534፣ ሞቱ ግን መስከረም 1 ቀን 1535 ላይ ይውላል። በጅምላ 8 ለሚቀንስ ሰው ይህ በጭራሽ አይታየውም።

ሌላው ስሕተት ከስልክ የመጣ ይመስላል። ኢማም አሕመድ የወደቀበት የወይና ደጋ ውጊያ «የካቲት 14፣ 1535» ተብሎ ተጽፏል። ዓመቱ ደኅና ነው፤ ቀኑ ግን 13 ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል። የስልኩ መቀየሪያ ፌብሩዋሪ 21ን የሚተረጉመው ዛሬ ባለው አቆጣጠር ነው። አውሮጳ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1582 የቀድሞውን የዩልዮስን አቆጣጠር ትከተል ነበር፤ ያ ደግሞ ከእኛው ጋር እኩል የሚራመድ ነው። ስለዚህ ትክክሉ የካቲት 27 ነው። ለማመሳከር ልደትን ማሰብ ይበቃል፦ በዚያን ጊዜ ዲሴምበር 25 እና ታኅሣሥ 29 አንድ ቀን ነበሩ።

ከነገሥታቱ ተርታ ውስጥ ደግሞ አንድ ትርፍ ሰው አለ። «ልብነ ድንግል» እና «ዳግማዊ ዳዊት» በሁለት ሳጥን ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም አንድ ንጉሥ ናቸው፣ ወናግ ሰገድ የሚባለውም እሱው ነው። በተቃራኒው ከይስሐቅ በኋላ የነገሡት እንድርያስ፣ ተክለ ማርያም፣ ሣርወ ኢየሱስና ዐምደ ኢየሱስ በአንዲት ጠባብ ሳጥን ታጭቀዋል፤ ፊደሉ ከአንድ ሜትር ርቀት አይነበብም። አምስት ዓመት በማይሞላ ጊዜ አራት ነገሥታት መፈራረቃቸው የዘመኑን የዙፋን ፖለቲካ ከማንኛውም ጦርነት በላይ ያሳያል። ሰፊ ቦታ የሚገባቸው እነሱ ነበሩ። የንጉሥ ዘር የሆኑ ወንዶች ይጠበቁበት የነበረው አምባ ግሸን ጨርሶ አለመጠቀሱም ከባድ ጉድለት ነው፤ ተተኪው ከየት ይመጣ እንደነበር ያለ እሱ አይገባም።

ለእያንዳንዱ ንጉሥ የዘውድ ምልክት አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ «መናገሻ» መባሉም ያሳስታል። ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ ረግቶ ከመቀመጡ በቀር፣ ቤተ መንግሥቱ ከድንኳኑና ከሠራዊቱ ጋር የሚዘዋወር ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በቀድሞ ትርጉሙ የጦር ሰፈር ነው።

የኅትመቱ ጥራት ደኅና ነው፤ ቀዩ ቀለም ብቻ የአዳማን ፀሐይ ስለማይችል በመስኮት ፊት ለፊት አይሰቀል። ባለ ሁለት ገጽ ፕላስተርም በሙቀቱ ይለቃል፣ አራቱን ማዕዘን በሚስማር መያዝ ይሻላል።

መግዛት ለሚፈልግ ሰው የሚበጀው ወረቀቱ ነው፤ ያለቀለት ላሚኔት ላይ ስክሪብቶ አይጽፍም። ታጥፎ ሳይሆን ተጠቅልሎ ይሰጠኝ ይበል። መጀመሪያ ከላይ ያሉትን ቀኖች ያርም፣ ትርፉን ሳጥን ይሰርዝ፣ ይኩኖ አምላክ ከነገሠበት ከ1262 ጀምሮ በየንጉሡ አጠገብ እ.ኤ.አ. ያለውንም ጨምሮ ይጻፍ፤ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ኮፒ ቤት ወስዶ ላሚኔት ያስደርገው።